በሉ እንግዲህ፣ ሚኒሶታ

የአክስቴ ልጅ ከዳላስ ደውሎ «ሚኒሶታ ልገባ ነው፣ ምን ልወቅ?» አለኝ። እኔ የምኖርባት ሚኒሶታ የአሜሪካ ሰሜን ጫፍ ላይ ያለች ግዛት ናት፤ ወሩም ጃንዋሪ ነበር። እሱ በቲሸርት፣ እኔ ሁለት ካልሲ ደርቤ ነው የምናወራው። እዚህ እንደከረመ ሰው ሁሉ ስለ ብርዱ አንድ ሰዓት ሙሉ አስፈራራሁት። ስጨርስ «እሺ፣ ሰዉስ?» አለኝ። «ሰዉ ጥሩ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

የበደልኩት እዚህ ላይ ነው። ብርዱን በአንድ ክረምት ለመደው። ሰዉ ግን እስካሁን ያደናግረዋል። የሚያደናግረው ፈረንጅ ስለሆነ አይደለም። የሐበሻ ይሉኝታ ያለው ፈረንጅ ስለሆነ ነው።

ብርዱን ሳላነሳ ባልፍ ግን የሰፈሬ ሰው ይታዘበኛል። ከ13 ወር ጸጋ አገር ለመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስቸግረው ቁጥሩ ነው። ሙቀት የሚለካው በፋራናይት ነው። «ዛሬ 32 ነው» ሲባል ድሬዳዋ እንዳይመስላችሁ፤ ውሃ በረዶ የሚሆነው እዚያ ላይ ነው። ከዜሮ በታች 40 ሲደርስ ፋራናይትና ሴልሺየስ እኩል ይሆናሉ። ክርክራቸውን ትተው አብረው ይንቀጠቀጣሉ። በሰሜን በኩል ታወር በምትባል ከተማ አካባቢ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1996 ከዜሮ በታች 60 ፋራናይት ተመዝግቧል። ይህን የሚነግሯችሁ ሽማግሌ ፊት ላይ ኀዘን አታዩም። እንደ አርበኛ ደረታቸውን ነፍተው ነው የሚያወሩት። በ2019 ጃንዋሪ መጨረሻ ደግሞ ብርዱ ከመጥናቱ የተነሳ በግዛቱ ፖስታ ማደል ቆሞ ነበር። የመብራት ቢል የማይመጣበት ብርድ ምን ክፋት አለው? አሉ የሚባሉ ሐበሾችን አውቃለሁ።

መኪና ከአፍንጫው የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሎ ብታዩ አትደንግጡ። ቻርጅ እየተደረገ አይደለም። ሌሊት ሞተሩ በብርድ እንዳይደርቅ ተሰክቶ ይሞቃል። ቤንዚን ከግማሽ በታች አታውርዱ። ከመኪናው ኋላ አካፋ፣ ብርድ ልብስና አሸዋ አይጥፋ። በረዶው ሲበዛ ትልቋ ከተማችን ሚኒያፖሊስ «ስኖው ኢመርጀንሲ»፣ የበረዶ አስቸኳይ ጊዜ ታውጃለች። የመጀመሪያው ሌሊት ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ላይ ማቆም የለም። በማግስቱ በሌሎቹ መንገዶች የቤት ቁጥሩ ሙሉ በሆነበት በኩል፣ በሦስተኛው ቀን ጎዶሎ በሆነበት በኩል አይቆምም። የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው «ገባኝ፣ ገባኝ» አለ። መኪናው በሁለተኛው ቀን ተጎትታ ተወሰደች። አንድ የሚያጽናና ነገር አለ፤ ሚኒሶታ ውስጥ በአዘቦት ልብስ ላይ የሽያጭ ታክስ አይከፈልም። መንግሥትም አዝኖ ነው እላለሁ።

በቃ፣ ብርዱ ይኸው ነው። ወደ ሰዉ ልመለስ።

የአክስቴ ልጅ አዲሱ ሥራ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ባልደረባው ከቤቷ ጣፋጭ ጋግራ አመጣች። «ባር» ነው የሚሉት፤ በመጋገሪያው ላይ እንዳለ አራት ማዕዘን እየተደረገ ይቆረጣል። «ውሰድ» አለችው። የጨዋ ልጅ ነውና «አይ፣ በልቻለሁ» አለ። ዳላስ ውስጥ እንዲህ እያለ ስንት ቀን በረሃብ ውሏል። አይ ካልክ አይ ነው፤ ሰሃኑ ይነሳል። ይህቺ ግን «እሺ እንጂ፣ ትንሽ» አለችው። «ኧረ ጠግቤያለሁ።» «አንዷን ብቻ!» ስትለው «ካልሽማ…» ብሎ አነሳ። ማታ ደወለልኝ። «ስማ፣ እነዚህ ሰዎች የማን ዘሮች ናቸው?»

ብዙዎቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኖርዌይ፣ ከስዊድንና ከጀርመን የተሰደዱ ገበሬዎች የልጅ ልጆች ናቸው። በየት በኩል ጎንደርን እንደነኩ እግዜር ይወቅ። እዚህ ሦስቴ ሳይለመን የሚበላ ሰው ስድ ይባላል። ራሳቸውም ይቀልዱበታል።

የመጨረሻዋን ዶናት ደግሞ ማንም አይበላትም። አንዱ መጥቶ በቢላ ለሁለት ይከፍልና ግማሿን ይወስዳል። ሌላው የግማሹን ግማሽ። ወደ ማታ ላይ ሳጥኑ ውስጥ የምትቀረዋ ፍርፋሪ ለጉንዳን እንኳ ይሉኝታ የምታስይዝ ናት። እኛም ትሪው ላይ የቀረችውን አንዲት ሥጋ እየተያየን ዙሪያዋን እንጀራ እንቆርሳለን። ግን እኛ ጉርሻ አለን። አንዱ ደፋር ያነሳትና በጉልበት አፍህ ውስጥ ይከታታል፤ ነገሩ ያልቃል። እነሱ ጉርሻ የላቸውም። ያላቸው ቢላ ነው።

ቅኔም አላቸው። የአክስቴ ልጅ ለአለቃው ዶሮ ወጥ ይዞለት ሄደ። በርበሬውን አልቀነሰለትም። አለቃው ግንባሩን እየጠረገ «ዛትስ ዲፈረንት» አለው። «ከሁሉ የተለየ ነው አለኝ!» ብሎ በደስታ ደወለ። ሰሙ እሱ ነው። ወርቁ «ሁለተኛ እንዳታመጣብኝ» ነው። «ኢንተረስቲንግ» ካሉማ ብሶበታል። የመጀመሪያ ሪፖርቱን ያስረከበ ዕለት ደግሞ አለቃው «ኖት ቱ ባድ»፣ አይከፋም አለውና ሌሊቱን ሲቪ ሲያድስ አደረ። ኖት ቱ ባድ ማለት የሚኒሶታ እልልታ መሆኑን ያስረዳሁት እኔ ነኝ። የአባቶቻችን «ምንም አትል» እኮ ነው። ልጃቸው ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ «ምንም አትል» የሚሉ አባት እዚህ ቢመጡ በማግስቱ ከንቲባ ይሆናሉ።

መንገድ ላይም ያው ነው። አራት መኪኖች መስቀለኛው ላይ ቆመው «ቅደም»፣ «ኧረ አንተ ቅደም» ሲባባሉ ታያላችሁ። የድግስ ቤት በር ላይ «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» እንደሚባለው ማለት ነው። ሳምቡሳው እስኪቀዘቅዝ። ትልቁ መንገድ ላይ አንዱ መስመር ሊዘጋ ነው የሚል ምልክት ካዩ ደግሞ ከሩቁ ወደ ሌላው ገብተው በጨዋነት ይሰለፋሉ። ባዶው መስመር ባዶውን ይቀራል። የግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት «ኧረ ሁለቱንም ተጠቀሙ፣ ጫፉ ላይ እንደ ዚፕ ተራ በተራ ግቡ» እያለ ዓመታት ለመነ። ሕዝቡን ይሉኝታ ይዞታል። መገናኛ ታክሲ የነዳ ሰው ያን ባዶ መስመር ሲያይ እንባው ይመጣል። የአክስቴ ልጅም አላስቻለውም፤ ተፈተለከ። ሕጉ ከእሱ ጋር ነበር። ማንም ክላክስ አላደረገበትም። ብቻ ሁሉም ዞር ብለው አዩት። «ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር» ይላል እስከ ዛሬ።

የመኪናው ታርጋ ላይ «10,000 ሐይቆች» የሚል ታነባላችሁ። በቆጠራ 11,842 ናቸው። ጉራ እንዳይመስልባቸው ቀንሰው ነው። ሐይቆቹ በክረምት ይረጋሉ። ሕዝቡ ላያቸው ላይ ትንሽ ጎጆ ተክሎ በረዶውን በስቶ ዓሣ ያጠምዳል። የአክስቴን ልጅ ጎረቤቱ የሆኑ ሽማግሌ «ና እንሂድ» አሉት። አይሆንም አለ። ደገሙት፤ አይሆንም አለ። ሲሠልሱት የተማረውን ረሳና በልማድ «ካሉማ…» አለ። ይሉኝታ ሰውን የት ድረስ ይወስዳል ብትሉ ሐይቅ መሃል ድረስ ነው። በእግር ለመሄድ በረዶው ቢያንስ 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሳንቲሜትር መወፈር አለበት። ሽማግሌው የሄዱት በፒክ አፕ ነው። ለዚያ ብዙ ኢንች ያስፈልጋል። የአክስቴ ልጅ መንገዱን ሙሉ ጓንቱን አውልቆ የኢንቹን ብዛት በጣቱ ሲቆጥር ነበር። «ከጴጥሮስ ቀጥሎ ውሃ ላይ የሄድኩት እኔ ነኝ» ይላል። በአራት ሰዓት ውስጥ አንድ ዓሣ ተያዘ። እሷም ትንሽ ናት ተብላ ተመለሰች።

ክረምቱ ሲወጣ የመንገድ ሥራና ቢምቢ ይገባሉ። ስለ ሁለቱም ዝም ማለት ይሻላል። በኦገስት መጨረሻ ግን ስቴት ፌር የሚባል የግዛቱ ትልቅ ዓመታዊ ባዛር አለ፤ እሱ አያምልጣችሁ። በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ እስከሚውለው የሠራተኞች ቀን፣ እስከ ሌበር ደይ፣ 12 ቀን ይቆያል። እንጨት ላይ ያልተሰካ ምግብ የለም። እናቴ ልትጠይቀኝ የመጣችው ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ነበርና «ጦም ያልያዘው አገር» እያለች ዞረችው። ከዚያ ወተት የሚሸጥበት አዳራሽ ገባን። መሃሉ ላይ የሚዞር የመስታወት ክፍል አለ። ውስጡ እንደ ፍሪጅ ይቀዘቅዛል። በዚያ ሙቀት ካፖርት የለበሰች ዘውድ የደፋች ልጅ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ቀራጩ ከቅቤ ጭንቅላቷን ይቀርጻል። የወተት ገበሬዎቹ ልዕልት ሆና የተመረጠች ናት። ቅቤው 90 ፓውንድ፣ ወደ 41 ኪሎ ነው።

እናቴ አፏን ይዛ ቆመች። እኛ ራስ ላይ ቅቤ እናደርጋለን፤ እነሱ ከቅቤ ራስ ይሠራሉ። መስታወቱ ሁለት ዙር ዞሮ እስኪመለስ አልተናገረችም። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ሳይነጠር ነው?» አዎ ስላት ከንፈሯን መጠጠች። ለስንት ዓመት በዓል እንደሚሆን ከነኮሰረቱ አሰላችው። ልጅቷ ጭንቅላቷን ይዛ ወደ ቤቷ እንደምትሄድ ስነግራት ነው የተረጋጋችው። «እሰይ! እናቷ ታውቃለች።»

ሐበሻ አለ ወይ ላላችሁ፣ ሞልቷል። ሚኒያፖሊስ ሴዳር ሪቨርሳይድ የሚባለው ሰፈር ብትወርዱ ረጃጅሞቹ ፎቆች ሥር ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ማኪያቶ ዙሪያ ትሰማላችሁ። እንጀራ ፍለጋ አትቸገሩም።

የሚቸግራችሁ ከሰው ቤት መውጣት ነው። ሽማግሌውና ባለቤታቸው የአክስቴን ልጅና እኔን እራት ጠሩን። ምግቡ ሆትዲሽ ነው፤ የተፈጨ ሥጋ በእንጉዳይ ሾርባ፣ ላዩ ላይ ድንች ተደርድሮበት በምድጃ የሚበስል። «ካሰሮል» ብላችሁ እንዳትጠሩት፤ ይከፋቸዋል። በልተን ቡና ጠጣን። ሽማግሌው ሁለት ጉልበታቸውን ቸብ አድርገው «ዌል…» አሉ። የአክስቴ ልጅና እኔ ተያየን። ይህ እኮ «በሉ እንግዲህ» ነው። ከነጉልበቱ!

ተነሳን። ሳሎን ውስጥ ቆመን ሌላ ሃያ ደቂቃ አወራን። በር ላይ ስለ ልጆቻቸው ነገሩን። ደጅ ወጥተን ስለ በረዶው አነሳን፤ በረዶው ላይ ቆመን። መኪና ውስጥ ገብተን መስኮት ዝቅ አድርገን ስለ ቁራ ወሬ ጀመሩ። ከዜሮ በታች 15 ነበር። ጢማቸው ነጭ ሆኗል፤ ከሽበቱ ይሁን ከበረዶው አልለየሁትም። እኛ እሳቸውን ትተን መሄድ ነውር ሆነብን፤ እሳቸውም እኛ ሳንሄድ መግባት ነውር ሆነባቸው። ሴትየዋ በዚህ መሃል በነጠላ ጫማ ሮጠው መጡ። የተረፈውን ሆትዲሽ በሳህን አድርገው በመስኮቱ ሰጡን።

የሰው ሳህን ባዶውን እንደማይመለስ እናታችሁ አስተምራችኋለች። የአክስቴን ልጅም አስተምራዋለች። ምስር ወጥ ሞልቶ መለሰው። ያላወቀው የሴትየዋም እናት ያንኑ አስተምራቸው እንደነበር ነው። በሳምንቱ ሳህኑ ባር ተሞልቶ መጣ። አሁን ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ሳህኑ አንድም ቀን ባዶውን መንገዱን አላቋረጠም። የማን እንደነበር ራሳቸውም የዘነጉት ይመስለኛል።

ትናንት ደወለልኝ። ሳህኑ እሱ ጋ ነው። «ሽሮ ላድርግ ወይስ ዶሮ?» አለኝ። «ዶሮውን ተወው» አልኩት። «ዲፈረንት ይሉሃል።»