ጆጉ አጠገቡ ነበር

ባለፈው ሰሞን አንድ ዘመዴ ቤት እራት ተጋብዤ ነበር። ሁለት ልጆች አሉት። ወንዱ 16 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 14። እሷ ጓዳ ቆማ ሽንኩርት ትከትፋለች። የሒሳብ ደብተሯ ሳሎን ሶፋው ላይ እንደተከፈተ ነው፤ እስክሪብቶዋ መሀሉ ላይ ተጋድማለች። ወንድሟ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። ቀና እንኳ ሳይል «ውሃ አምጪልኝ!» ብሎ ተጣራ። ጆጉ ጠረጴዛው ላይ፣ ከክንዱ አንድ ስንዝር ርቆ ተቀምጧል። ልጅቷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣች። ቀዳችለት። ተመልሳ ሽንኩርቷ ጋ ሄደች።

እናት አየች። አባት አየ። እኔም አየሁ። አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም።

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምቆጣው በዚያ ልጅ አይደለም። በእኛ ዝምታ ነው።

«ባህላችን ነው» ትሉኛላችሁ። የቱ ባህል? እስቲ ቅዳሴ የምታስቀድሱ መልሱልኝ። የመሥዋዕቱ ኅብስት የሚዘጋጀው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለችው ቤት፣ ቤተልሔም በምንላት ውስጥ ነው። እዚያ ዱቄቱን የሚያቦካው ማን ነው? የሚጋግረውስ? ወንድ ነው። ሴት አትገባም። ደብረ ዳሞ ላይም ሴት አትወጣም፤ መነኮሳቱ ግን ጾማቸውን አያድሩም። የሚበሉትን የሚያበስሉት ራሳቸው ናቸው። እንግዲህ የወንድ እጅ በአገራችን እጅግ የተቀደሰውን ሊጥ አቡክቶ ሲጋግር ኖሯል። ያው እጅ ቤቱ ገብቶ ምጣድ ቢያሰማ ግን «ሴታ ሴት» ብለን እናሸማቅቀዋለን። ይህን ማን አስተማረን?

ልብስ ማጠብም እንደዚሁ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደጋውን አገር ዞረው ያዩ የውጭ ተጓዦች፣ ልብስ የሚያጥበው ወንዱ እንደነበር ጽፈዋል። ወንዝ ወርዶ፣ በእንዶድ እየረገጠ፣ የሚስቱን ቀሚስ ጭምር። ዛሬ የሚስቱን ቀሚስ ገመድ ላይ የሚያሰጣ ባል በጎረቤት ዓይን ይበላል።

በደንብ ካያችሁት ድንበሩ ሲንቀሳቀስ ኖሯል። ወዴት እንደሚንቀሳቀስ ደግሞ ልብ በሉ። ወፍጮውን ውሰዱ። ድሮ ሴቷ ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ፣ ድንጋዩ ላይ ጎንበስ ብላ፣ መጅ ስትገፋ ይነጋባታል። ወንድ መጅ መንካት ነውሩ ነበር። ከዚያ የሞተር ወፍጮ መጣ። ወፍጮ ቤት ሂዱና እዩ። ዱቄት ለብሶ ሞተሩ አጠገብ የሚቆመው፣ ሚዛኑን የሚያነበው፣ ብሩን የሚቀበለው በአብዛኛው ወንድ ነው። ጤፉ ያው ጤፍ ነው። የተለወጠው ኪስ ውስጥ የሚገባው ነገር ነው። የእንጦጦን እንጨት ተሸካሚዎችም እናውቃቸዋለን። ቅጠሉና ጭራሮው በጀርባ ሲወርድ የሴት ነው፤ በአይሱዙ ሲጫን የወንድ ይሆናል። ወጥ መሥራትም ቤት ውስጥ የሴት ነው። ትልቅ ሆቴል ውስጥ ደመወዝ ሲቆረጥለት ግን ወንዱ ነጭ ኮፍያ አድርጎ ሼፍ ይባላል፤ እኛም ወጥ ሠራ ብለን አንስቅበትም።

ስለዚህ «ባህል» የምንለውን ቃል እንፈትሸው። የሚያደክመውና የማይከፈልበት ለእሷ፣ የሚከፈልበት ለእሱ ከሆነ ይህ ክፍፍል ነው፤ ያውም ያልተስማማችበት።

ሕጉም ብዙ ዘመን ከዚህ ክፍፍል ጎን ቆሞ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። ባል ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለ የቤቱን ሥራ እሷ ትሥራ ይልም ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ይህን ሻረው። የሴቷን የጋብቻ ዕድሜም ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገ። 2011 ላይ ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሲሆኑ አጨበጨብን፤ ማጨብጨባችንም ተገቢ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ግን ለወለደች እናት 120 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ሰጠ። እናት ማገገም አለባት፤ ቀኗ ይብዛላት እንጂ አይቀነስባት። የአባቱ 3 ቀን ግን ያሳዝነኛል። አራተኛው ቀን ላይ ሕፃኑ የማን ልጅ ሊሆን ነው?

አፋችንንም እንታረም። ደፋር ሴት ስናይ «እሷ እኮ ወንድ ናት» እንላለን። ሙገሳ መስሎን ነው። በ1888 መቀሌ ላይ የጣሊያኑ ምሽግ ውሃው እንዲያዝበት ሐሳብ ያቀረቡት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ጠላት በጥም ተቃጥሎ ምሽጉን ለቀቀ። ያንን ብልሃት «ወንድነት» ብለን ከእቴጌዋ ላይ መውሰድ ምን ይሉታል? ጉራጌ ውስጥ የቃቄ ውርድወት የጆካ ሸንጎ ፊት ቀርባ ሴት ባሏን የመፍታት መብት ይኑራት ስትል የተሟገተችው በሴትነቷ ነው። ፈሪ ወንድ ስናይ ደግሞ «ሴት!» ብለን እንሰድበዋለን። ይህንን ሁሉ የሚሰሙ ሕፃናት አጠገባችን ቁጭ ብለዋል። ወንዱ ልጅ ማልቀስ እንደማይፈቀድለት ይማራል። ሲከፋው የሚያውቀው መውጫ ቁጣ ብቻ ይሆናል። ያ ቁጣ ነገ የሚያርፈው ሚስቱ ላይ ነው።

ቤይሩትና ጅዳ ሰው ቤት ስንቷ እህታችን ጉልበቷን ጨርሳለች። በላከችው ብር ወንድሟ ይማራል፣ የአባቷ ቤት ቆርቆሮ ይለብሳል። ስትመለስ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ሲመከር ቡና እንድታፈላ ወደ ጓዳ ትላካለች።

ከሌላው ቤት በፊት የእኛን ቤት ልናገር። እህቴ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ትምህርቷ 10ኛ ክፍል ላይ ቆመ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ «ጎበዝ» አለኝ። ማታ ማታ እኔ ሳጠና እሷ ወጥ ታማስል ነበር፣ ዕቃ ታጥብ ነበር፣ የነገውን ሊጥ ታቦካ ነበር። ያጠናሁበት ሰዓት የእሷም ሰዓት እንደነበር የገባኝ ሴት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ዝም ብላ ሰምታኝ፣ «አንተ ምን ታደርግ፣ ማን ነገረህ?» አለችኝ።

ማንም አልነገረኝም። እናንተ ግን ንገሯቸው። እናቶች፣ «ወንድ ልጄ አይልፋብኝ» ስትሉ የሚለፋው የማን ልጅ እንደሆነ አስቡ። አባቶች፣ ልጃችሁ የሚያየው እጃችሁን ነው። የበላችሁበትን ሳህን አንሱ። ሽንኩርት ላጡ። እንግዳ ባለበት አድርጉት፤ ተደብቆ የተሠራ ሥራ ልጁን አያስተምረውም። መምህራን፣ ክፍል መጥረግ ላይ ሴቶቹን፣ የክፍል አለቃነት ላይ ወንዶቹን መጥራት ይብቃችሁ።

ለዚያ ዘመዴም ደወልኩለት። በዚያ ምሽት ዝም በማለቴ እንዳፈርኩ ነገርኩት። ልጅህን ጓዳ አስገባው፣ ሽንኩርቱንም ውሃውንም ይልመድ አልኩት። ትንሽ ዝም አለና፣ «ተወው ባክህ፣ ገና ልጅ እኮ ነው» አለኝ።

እሷ በሁለት ዓመት ታንሰዋለች።