ቡችላዬን በሽቦ አስረው ጠበቁኝ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት ይቅርታ።

ቁልፌ ሲንኳኳ እየተንደረደረ የሚመጣው ቡኒ ዛሬ በር ላይ የለም። ግቢውን ስዞር ከውሃ ታንከሩ ጀርባ አገኘሁት። የልብስ ማስጫው ሽቦ አንገቱ ላይ ተጠምዝዞ፣ ሽንቱ ላይ ተኝቶ። የአከራዬ የልጅ ልጆች ጠጠር እየወረወሩ «ያዝ! ያዝ!» ይሉታል። 10 ሳምንቱ ነው እኮ! የገዛ ጅራቱን አሳዶ መያዝ ያቃተው ፍጥረት ማንን ይያዝላቸው?

ቀን ቀን የምታወጣልኝ የጎረቤት ልጅ ዛሬ ፈተና ነበራት። አንድ ቀን። አንድ ቀን ብቻ ነው ያመለጠኝ።

ሽቦውን ፈትቼ፣ አቅፌው ቤታቸው ገባሁ። ቡና ተፈልቷል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተኮልኩሏል።

«እትዬ፣ ማነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ ያሳሰርኩት። እና ምን ይሁን?»

«ገና ቡችላ ነው እኮ እትዬ፣ ሰው እያስለመድኩት ነበር…»

«ሰው ከለመደማ ምኑን ውሻ ሆነ! ውሻ ኃይለኛ የሚሆነው ሲታሰር ነው። አንቺ እንደ ሕፃን ታቅፈሽ ሰፈር ለሰፈር ታዞሪዋለሽ። ማቀፍ እንዲህ ካማረሽ አግብተሽ ውለጂ!»

ሳቁ! አንዷማ እጣኑ ላይ ልትወድቅ ነበር። እኔ ውሻ ታቅፌ፣ የሥራ ልብሴ በሽንት ርሶ፣ መሃላቸው ቆሜያለሁ። ክፍሌ ገብቼም አላረፍኩም፣ ግድግዳው ሁሉን ያሰማል። አቦሉ ላይ ውሻዬ ነበር፣ ቶናው ላይ እኔ፣ በረካው ላይ ያሳደገችኝ እናቴ ተነሳች። እናቴን ምን አገባቸው?

ለምን እንደማቅፈው አንድ ሰው እንኳ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። የመጀመሪያ ክትባቱን በ8 ሳምንቱ ወስዷል፣ ገና በየ3 እና 4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንቱ ይከተባል። እስኪጨርስ ድረስ ሌላ ውሻ የተጸዳዳበት መሬት ላይ መልቀቅ ያስፈራል፣ ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ አፈር ውስጥ ወራት ይቆያል፣ ቡችላ ደግሞ በቀናት ውስጥ ይገድላል። ቤት ዘግቼበት እንዳልጠብቅ፣ ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት ዕድሜ ከ3ኛው ሳምንት እስከ 12ኛው፣ ቢበዛ እስከ 14ኛው ነው። ከዚያ በኋላ ያላየው ነገር ሁሉ ጠላቱ ነው። ስለዚህ አቅፌ ነው የማሳየው! ጥላ የያዙ ቄስ፣ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ፣ ባጃጅ፣ ወፍጮ ቤት። «ቁራሌው!» ሲባል መጀመሪያ ቀን ብብቴ ውስጥ ገብቶ ተንቀጠቀጠ። በጮኸ ቁጥር ጥፍር የምታህል የተቀቀለ ሥጋ እሰጠው ነበር። በሳምንቱ ድምፁን ሲሰማ ጆሮውን አቁሞ እጄን ያይ ጀመር። ሥጋዬ የታለ? እንደማለት። ያን ቀን አልቅሻለሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

በእሱ ምክንያት የተሰደብኩት ስድብ ግን! ቡኒ ካርቶን ውስጥ ሆኖ እንኳ ታክሲ ረዳቱ «ውሻ ከሆነ ወራጅ!» ብሎ ዝናብ ላይ ጥሎኛል። ዘበኛው ሚጥሚጣ አብይው ኃይለኛ ይሆናል ይለኛል። አከራዬ ቤት ውስጥ ሲሸና አፍንጫውን ሽንቱ ላይ አሽተሽ ምቺው ይሉኛል። የሁለት ወር ቡችላ ከሁለት ሦስት ሰዓት በላይ መያዝ አይችልም! ሲነቃ፣ ሲበላ፣ ተጫውቶ ሲያበቃ ወዲያው ታወጪዋለሽ፣ ውጭ ሲሸና ታመሰግኚዋለሽ፣ አለቀ። የተመታ ቡችላ የሚማረው ተደብቆ መሽናት ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቼ በብርድ የማወጣው እኔ፣ ምክር የሚሰጠኝ የተኛው ሰው።

በእርግጥ ሰው አልጠፋም። ጥግ ሱቅ ያሉት ሐጂ የውሻ ምራቅ ለሶላት እንደማይሆናቸው በትሕትና ነግረውኝ ራቅ ብለው ይቆማሉ፣ ግን በቆርቆሮ ውሃ የሚያስቀምጡለት እሳቸው ናቸው። «ጠምቶታል ልጄ፣ አጠጪው» ይሉኛል። እንግዲህ ይኸው ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ፈለግኩ?

ትልቁ ንዴቴ ግን ሌላ ነው። ወንድሜን ትንሽ ልጅ ሳለን የነከሰው ውሻ የመንገድ ውሻ አልነበረም። ዕድሜ ልኩን ታስሮ፣ ሌሊት ብቻ የሚፈታ የጎረቤት ውሻ ነበር። ቀን በር ተከፍቶ ረስተውት ወጣ፣ ያገኘውም ወንድሜን። እናቴ አዝላው ፓስተር ሮጠች። ያኔ መርፌው በየቀኑ ሆድ ላይ ነበር የሚወጋው። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት አልጋ ሥር እየተደበቀ እግሩን ይዘን እንጎትተው ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ እኮ ሰው በመልመድ አይመጣም፣ ባለመከተብ ነው የሚመጣው! የቡኒ የዚህ ክትባት ተራው 3 ወር ሲሞላው ነው፣ ቀኑን ካርዱ ላይ አስጽፌ አክብቤበታለሁ። እትዬ ግን በልጅ ልጆቻቸው ጠጠር እያስወገሩ ያው ያ ውሻ እንዲሆን ነው የሚያሳድጉት፣ ነገ የልጅ ልጃቸውን ቢነክስ ደግሞ «ክፉ ውሻ» ተብሎ በዱላ የሚገደለው እሱ ነው።

የጃንሆይ ውሻ ሉሉ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሲዞር ማንም አልሳቀም። የእኔ ግን ባል የማጣት ምልክት ሆነ።

ደከመኝ። ቤት ኪራዩ በወሩ መጨረሻ ይጨምራል ተብያለሁ፣ ምክንያቱ ውሻው መሆኑ ነው ዛሬ የገባኝ።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሆኗል። ቡኒ ከመጣሁ ጀምሮ አልጋ ሥር ነው። ሥጋ አስቀመጥኩለት፣ አልነካም። አሁን ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ እጄን ዘረጋሁለት፣ ጣቴን አሸተተ፣ አንገቱ ላይ ሽቦው የላጠው ቦታ ይታየኛል። ያኔ ዘበኛው ውጭ አሳለው፣ ቡኒም ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

ውሻ ያለው ሰው የሚቀበል፣ አንድ ክፍል የሚያከራይ የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ሩቅም ቢሆን፣ ውሃ በሳምንት አንዴ ቢመጣም ችግር የለም። ግቢው ውስጥ ሰንሰለት እንዳይኖር ብቻ።