ማሽኑ ይምጣ፣ እስኪመጣ ግን ደረት የሚጫነው ማነው?

ሰሞኑን በየስልካችን የዞረውን ቪዲዮ አይታችሁት ይሆናል፣ ልቡ የቆመ ሰው ደረት ላይ ተገጥሞ ደሙ እንዲዘዋወር ያለማቋረጥ የሚጫን ማሽን። ጅማ ውስጥ ከዛ ወዲህ ወሬው ሁሉ "አዋጥተን ለሆስፒታላችን እንግዛ" ሆኗል። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ እኔ ግን ትንሽ ላወሳስበው ነው።

ማሽኑ ቀልድ አይደለም። ታዋቂው ሉካስ የሚባለው የስዊድን ስራ ነው፣ ከጀርባ ሰሌዳ ከደረት ላይ ፒስተን፣ በደቂቃ 100 ጊዜ ገደማ 5 ሴንቲሜትር ምናምን እያስገባ ይጫናል፣ አይደክመው አይሰለቸው። ሰው ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ክንዱ ይዝላል፣ አጫጫኑ እየላላ ይሄዳል፣ ለራሱ አይታወቀውም፣ በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ የሚባለውም ለዚሁ ነው።

ታዲያ ማሽኑ ብዙ ሰው ያድናል ወይ ስትሉ፣ በፈረንጆቹ 2015 እንግሊዝ ውስጥ ከ4,000 በላይ ሰው ላይ የተሰራ ጥናት ወጥቶ ነበር፣ ሉካስ የያዘ አምቡላንስ የደረሰላቸውም በእጅ ብቻ የተጫኑትም በሕይወት በመትረፍ አልተበላለጡም። ከዛ በፊት በ2014 የወጣው የስዊድኖቹም እንደዛው። ምክንያቱ ብዙ አይገርምም፣ ማሽኑ የሚደርሰው ሰውየው ከወደቀ ስንት ደቂቃ በኋላ ነው፣ አእምሮ ደግሞ ደም ካጣ አራት አምስት ደቂቃ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል።

እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብለን አንድ ትልቅ ሰውዬ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወደቀ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አሸተተው፣ አንዷ ውሃ ደፋችበት፣ "አየር ስጡት!" የሚለው ብዛቱ። ከዛ አጣጥፈን ባጃጅ ውስጥ ከተትነው፣ እኔ ራሴ እግሩን ይዤ ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት ደረቱን የነካው አንድም ሰው የለም። ሲደርስ አልፏል። ለዛ ሰውዬ ሆስፒታሉ አስር ሉካስ ቢኖረው ምን ሊጠቅመው?

ማሽኑ የግድ የሚሆንበት ቦታ አለ፣ እሱም መኪና ውስጥ ነው። ሪፈር ተጽፎለት ወደ አዲስ አበባ ሲወሰድ ጊቤ በረሃ ጥምዝምዙ ላይ ልቡ ቢቆም ነርሷ ቆማ ልትጫን ነው? ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ እሷም በሽተኛ ትሆናለች። ስለዚህ ከተዋጣ ለአምቡላንስ ይዋጣ ባይ ነኝ።

ከዛ በፊት ግን ባጃጅ ሹፌሮቹን አሰልጥኑልኝ። ቀኑን ሙሉ ከተማው ውስጥ ናቸው፣ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጠሩትም እነሱ ናቸው። ግማሽ ቀን አሻንጉሊት ላይ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ አፍ ላይ መተንፈስ እንኳን ሳይጨመር፣ መሀል ደረት ላይ ጠንከር አድርጎ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 መጫን ብቻ። የሰፈሬን ባጃጅ ሹፌር ይሄን ስነግረው በጣም ወደደው፣ ቆየት ብሎ ግን "የጎድን አጥንቱን ብሰብረውስ? ከሞተብኝ እኮ የሚታሰረው እኔ ነኝ" አለኝ። አጥንቱ ሊሰበር ይችላል፣ ይድናል፣ ልቡ ለቆመ ሰው ከዛ የባሰ ነገር አይመጣበትም አልኩት። የእስሩን ግን መመለስ አቃተኝ፣ እሱን ፖሊሶቹ ራሳቸው ስልጠናው ላይ መጥተው ቢነግሩት ነው የሚሻለው።