«ትልቁን ግዛ» አትበሉኝ!

ኧረ ወገን፣ «ለጀማሪ የትኛው ኤፍፒጂኤ ቦርድ ይሻላል?» ብዬ ብጠይቅ ናላዬን አዞሩት እኮ! (ኤፍፒጂኤ ማለት ውስጣዊ ሰርኪዩቱን ራስህ በኮድ የምታዋቅረው ቺፕ ነው፤ ቦርዱ ደግሞ ቺፑ የተገጠመበት መለማመጃ ሰሌዳ።) አምስት ኪሎ ማኪያቶ ይዤ የማገኘው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «ትልቁን ግዛ፣ በኋላ ያንስሃል።» ምኑ ነው የሚያንሰኝ? ገና አንዲት መብራት ብልጭ ድርግም ማድረግ የማልችል ሰው ነኝ! አንዱማ ሊኑክስ የሚያስነሳውን ዲኢ10-ናኖ የሚባል ቦርድ ካልገዛህ ብሎ ድርቅ አለ።

መርካቶ ስሄድ ደግሞ «አርዱዊኖ ነው?» ይሉኛል፤ ያ ደግሞ ሌላ ዓይነት መለማመጃ ቦርድ ነው። አይደለም ስል አንዱ ባለሱቅ ስፓርታን-6 የሚባል የድሮ ኤፍፒጂኤ ያለበት አቧራ የጠጣ ቦርድ ከጓዳ አወጣልኝ። «ኦርጅናል ነው ወንድሜ!» ኦርጅናልስ ይሁን። ግን ቪቫዶ፣ ማለትም ኮድህን ቺፑ ላይ የሚጭነው የአምራቹ አዲሱ ሶፍትዌር፣ ስፓርታን-6ን ጭራሽ አያውቀውም። የሚሠራው በአሮጌው ሶፍትዌር በአይኤስኢ ነው፤ የእሱም የመጨረሻ እትም 14.7 የወጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ባለሱቁ ምን ያድርግ፣ አይፈረድበትም። እናንተ የተማራችሁት ግን ይሄን ለምን አትነግሩኝም?

ቪቫዶም ቢሆን በአስር ጊጋዎች የሚቆጠር ጉድ ነው። በሞባይል ዳታ አውርዱት እስቲ! ሊያልቅ ሲል መብራት ጥርግ ይላል። «ቺፑ ስንት ሎጂክ ሴል (ሰርኪዩት የሚሠራባቸው ትንንሽ ክፍሎች) አለው?» የሚል ሞልቷል። «ሶፍትዌሩን በምን ታወርደዋለህ?» ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም።

ጀማሪ የሚፈልገው እኮ የሚነካና የሚታይ ነገር ነው። ቤዚስ 3 የሚባለው ቦርድ ላይ 16 ስዊች፣ 16 መብራትና ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ማሳያ ተደርድሮልሃል። ስዊቿን ከፍ ስታደርግ መብራቷ ቦግ ትላለች፤ በቬሪሎግ (ሰርኪዩት በሚገለጽበት ቋንቋ) የጻፍከው ሲሠራ በዓይንህ ታየዋለህ። ታንግ ናኖ 9ኬ የሚባለው ቦርድ ርካሽ ነው፣ አልክድም፤ ግን ያለው 6 መብራትና 2 ቁልፍ ብቻ ነው። የቀረውን በሽቦ ቀጥል ነው ነገሩ። ዳታ ለሚቆጥብ ደግሞ አይስብሬከር የሚባል ቦርድ አለ፤ ዮሲስና ኔክስትፒኤንአር የሚባሉት ነፃ ሶፍትዌሮች ይበቁታል፣ ከቪቫዶ አንጻር ኢምንት ናቸው። እስከዚያው አይካረስ ቬሪሎግ የሚባለውን ሶፍትዌር ጭኖ ያለ ምንም ቦርድ ኮምፒውተር ላይ በሲሙሌሽን መለማመድ ይቻላል። እኔም አሁን የያዝኩት እሱን ነው።

እሺ፣ ቤዚስ 3 ብዬ ወሰንኩ። በምን ልክፈል? ዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝም። ያለኝ አማራጭ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው። አክስቴን ብለምናት «አንተ ልጅ፣ ይሄ ሽቦ ምናምን ኤርፖርት ላይ አያስይዘኝም?» ብላ ሳቀችብኝ። ልብስ ላምጣልህ አለች!

በዚህ ሰሞን ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ እባካችሁ ኢንቦክስ አድርጉኝ። ብሩን እዚሁ እሰጣለሁ።