እርማት፦ የቀጣይ በረራ ቦርዲንግ ፓስ ከፍራንክፈርት ኤርፖርት አያስወጣም

«ፍራንክፈርት ላይ ረጅም ትራንዚት ያለው ሰው የቀጣዩን በረራ ቦርዲንግ ፓስ ካሳየ ከተማውን አይቶ መመለስ ይችላል» የሚለው ምክር ስህተት ነው፤ ሰው ያጉላላል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለመውጣት የሸንገን ቪዛ (ጀርመንን ጨምሮ የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ መግቢያ ቪዛ) ያስፈልጋል። የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ነው፤ ያንንም ቢሆን አስቀድሞ ማውጣት ግድ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግሪን ካርድ ላይ ነው፦ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ከትራንዚት ቪዛው ነፃ ያደርጋል እንጂ ወደ ከተማ አያስገባም። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ግን ያለ ቪዛ ይወጣል።

መውጣት የምትችሉ፣ ከተርሚናል 1 ሥር ኤስ 8 ወይም ኤስ 9 ባቡር ይዛችሁ መሃል ከተማ ሃውፕትቫኼ ጣቢያ ውረዱ፤ 15 ደቂቃ ገደማ ነው። ትኬት ሳትቆርጡ አትሳፈሩ። ጣቢያው መግቢያ ላይ የሚያግድ በር ስለሌለ ነፃ ይመስላል፣ ተቆጣጣሪ ካገኛችሁ ግን ቅጣቱ 60 ዩሮ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ በእግር 10 ደቂቃ ሳይሞላ የአሮጌው ከተማ ሮመርበርግ አደባባይ፣ ወረድ ስትሉ ደግሞ የማይን ወንዝና የእግረኞች ድልድዩ ናቸው። አደባባዩ የድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ ባለጎማ ሻንጣ አትጎትቱ። ፓስፖርት ቁጥጥርና ፍተሻ እንደገና ስለሚጠብቃችሁ በረራው 3 ሰዓት ሲቀረው ኤርፖርት ተመልሳችሁ ተገኙ።