ቢጫው ከምን መጣ? ስለ ቸኮሌት ኬክና ካስታርድ የጽሑፍ ክርክር

የሚከራከሩት በደሴ ፒያሳ ኬክ ቤት ያላቸው እናትና በከተማው የሚሠራ ወጣት የሥነ ምግብ ባለሙያ ናቸው። ጥያቄው አጭር ነው፦ ትኩስ ካስታርድ (በወተት፣ በእንቁላልና በስኳር የሚሠራ ወፈር ያለ ማባያ) የፈሰሰበት የቸኮሌት ኬክ ለተማሪ ልጅ መክሰስ ይሆናል ወይ? ሁለቱ ጎረቤታሞች ስለሆኑ ቃላቸውን አላለሰለሱም፤ እኛም አልነካነውም።

ባለሙያው፦ እትዬ፣ ደመወዝ በወጣ ቁጥር ከቤትዎ እንደማልጠፋ ያውቃሉ፤ ስለዚህ እንደ ጠላት አይዩኝ። ያሳሰበኝ እናቶች «ወተትና እንቁላል አለው» እያሉ ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ ለልጆቻቸው መግዛታቸው ነው። የነገሩኝን ልክ ይዤ አሰላሁት። ለ12 ቁራሽ 300 ግራም ስኳር ይገባል፤ ለአንዱ 25 ግራም ይደርሰዋል። አንድ ሊትር ካስታርድ ውስጥ 100 ግራም ስኳር አለ፤ 100 ሚሊ ሊትር ሲያፈሱበት 10 ግራም ይጨመርበታል። ድምሩ 35 ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል። በቀን 1,500 ኪሎ ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ 10 በመቶው 37 ግራም ገደማ ነው። አንድ ሰሃን ቀኑን ጨረሰው፤ ልጁ ገና ሻይ አልጠጣም።

ባለ ኬክ ቤቷ፦ ልጄ፣ ስኳሩን ቆጠርክ፤ ሌላውን ለማን ተውከው? እኔ ለአንድ ሊትር ወተት አራት አስኳል እመታለሁ። ወተቱ ዳር ዳሩን መፍላት ሲጀምር በጭልፋ እየቀዳሁ በቀስታ አስኳሉ ላይ አፈሳለሁ፤ ትኩሱ በአንድ ጊዜ ከገባ እንቁላሉ ይቋጠራል። መልሼ እሳት ላይ አደርገውና የማንኪያውን ጀርባ ሲለብስ፣ በጣቴ ሳሰምርበት መስመሩ ሳይገጥም ሲቀር አወርደዋለሁ። እስቲ ይህንንም ደምረው! ኬኩና ካስታርዱ አንድ ላይ 10 ግራም ገደማ ፕሮቲን አላቸው። አንድ እንቁላል 6 ግራም አለው ብለህ ያስተማርከን አንተው ነህ። ከወተቱ ብቻ ወደ 120 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይገኛል። የወተቱ የራሱ ስኳር ደግሞ በዚያ መመሪያ እንደማይቆጠር ትነግረናለህ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ዘለልከው።

ስኳር እንደ ልቤ የምጨምር ይመስልሃል? ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ኬኩ ቶሎ ይነፋል፤ ስኳር ሲበዛበት ሳይጸና መሀሉ ይወድቃል። ከእኛ ዝቅ ባለችው ኮምቦልቻ ያለች እህቴ የምትጋግርበትን ልክ አምጥቼ ብሞክረው እንደ ሰፌድ ጎድጉዶ ወጣ። ከመመሪያህ በፊት ስኳር ያስቀነሰኝ ተራራችን ጦሳ ነው።

ባለሙያው፦ ጦሳ ይመስገን! የወተቱንም ስኳር አልቆጠርኩትም፤ 35ቱ እርስዎ የጨመሩት ብቻ ነው። ኮኮዋ ብረት አለው የሚሉትን በአጭሩ ልለፈው፦ አለው፤ ግን አብሮት ያለው ፖሊፊኖል የተባለ የዕፅዋት ንጥረ ነገር ብረቱ ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገባ ይይዘዋል፤ ሻይ ሲከተለው ይብስበታል።

ዋናው ጉዳዬ ሌላ ነው። በዐቢይ ጾም ከእርስዎ ቤት የበላሁት ካስታርድ ከፍስኩ ይልቅ ቢጫ ነበር። እንቁላል የሌለበት ከእንቁላሉ በለጠ! ያ ቢጫ ከፓኬት የካስታርድ ዱቄት የመጣ ቀለም ነው፤ ዱቄቱም የበቆሎ ስታርች ነው። አልፍሬድ በርድ የተባለው እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1837 የፈለሰፈው ሚስቱ እንቁላል ስለማይስማማት ነበር፤ በዚህ ነውር የለበትም። ነገር ግን ዱቄቱ የታሰበው በወተት እንዲበጠበጥ ነው። እኛ በጾም በውኃ እንበጠብጠዋለን። እንቁላሉም ቀረ፣ ወተቱም ቀረ፤ የተረፈው ስታርችና ስኳር ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሏል እንዲህ ያለው ነው። የቅድሙ 10 ግራም ፕሮቲን የት ገባ?

ባለ ኬክ ቤቷ፦ የጾሙን አልክድም። ግን ፈላጊው ማን እንደሆነ ልንገርህ። የአስኳሉ ካስታርድ ገርጣ ይላል፤ «ዛሬ ቀጥኗል» ብለው የመለሱልኝ ደንበኞች አሉ። ቢጫውን ያስለመዳቸው ፓኬቱ ነው። ደግሞ ይህ ወሎ ነው፤ በእኛ ጾም ሙስሊም ጎረቤቶቼ የፍስኩን ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ሁለት ድስት እጥዳለሁ።

ባለሙያው፦ ሁለት ድስት፣ ግን ማንቆርቆሪያዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። እናትየዋ ለልጇ የቱ እንደተፈሰሰለት በምን ታውቃለች? ኬኩንስ ከ12 ይልቅ ለ16 ቢቆርጡት? ከካስታርዱ ጋር ስኳሩ ወደ 29 ግራም ይወርዳል።

ባለ ኬክ ቤቷ፦ ለ16 ቆርጬ በዚያው ዋጋ ብሸጥ መጀመሪያ የምትጮኸው አንተ ነህ። ቁራሹን ተወው። ከሰኞ ጀምሮ የአስኳሉ ማንቆርቆሪያ እጀታ ላይ ነጭ ጨርቅ አስራለሁ፤ ገርጣ አለ የሚለኝን ሰው ወደ አንተ እልከዋለሁ። «በየቀኑ አይሁን» የሚለውን ግን እናቶቹን ሰብስበህ ራስህ ንገራቸው፤ እኔ ሳንቲሙን ጨብጦ በሬ ላይ የቆመ ልጅ አልመልስም።