አንድ ጊዜ አዛጋሁ

ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ አዛጋሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ሰብሳቢው ሠላሳኛው ስላይድ ላይ ደርሷል፤ ግድግዳው አፍ ቢኖረው እሱም ያዛጋ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ባልደረባዬ ጠጋ አለና «ቫይታሚን ዲ አንሶሃል» ብሎ አንሾካሾከልኝ። ደም አልቀዳ፣ ማታ ስንት ሰዓት ተኛህ አላለ። «ዲ ሳይሆን ቢ12 ነው» አለች በግራ በኩል ያለችው። ከኋላ ወንበር ማግኒዥየም ተጨመረልኝ። ባልደረባዬ ክርክሩን ለመቋጨት ከኪሱ አንዲት ክኒን አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈልኝ፤ የሙት አደራ ይመስል።

ምን ይባላል? እንዲህ ያለ ባለሙያ በየወንበሩ ተቀምጦልን ሳለ ለዓመታት ሕክምና የሚማሩት ሰዎች ያሳዝኑኛል። ምን አደከማቸው? ጸጉር ሳሳ፣ ዚንክ። ጥፍር ተሰበረ፣ ካልሲየም። ቁልፍ የት እንደተቀመጠ ጠፋ፣ ቢ12። ንዴት በዛ፣ ማግኒዥየም። ፍቅረኛው ጥላው ለሄደችበት፣ መልቲቫይታሚን፤ እሱ ሁሉንም ነዋ ያጣው። ሰውነት የሚፈልጋቸው ቫይታሚኖች 13 ናቸው፤ በሽታ ግን በሺህ ይቆጠራል። ሺውን ወደ 13 ማውረድ ቀላል ጥበብ መሰላችሁ?

ከሁሉም የማደንቀው አንድ ወዳጄን ነው። ስሙን አልጠራም፤ እናንተም አንድ አላችሁ። ሃያ አንድ ክፍል ያለው የክኒን ሣጥን አለው፤ ለሰባቱም ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ። ማለዳ ይነሳና 1000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ብርጭቆ ውስጥ ይጥላል። ሲፈላ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ለአንድ ወንድ በቀን 90 ሚሊግራም ገደማ ይበቃዋል፤ ትርፉን ኩላሊቱ ይሸኘዋል። ቀጥሎ ቢ ኮምፕሌክስ፣ የቢ ቫይታሚኖች ስብስብ። ሽንቱ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ይመጣል፤ ሰውነቱ የተረፈውን ቢ2 እየጣለ ነው። እሱ ግን «እየሠራ ነው» ይላል በኩራት። (እኔ አልጠየቅሁም። ራሱ ነው የሚነግረኝ።) ከዚያ ብረትና ካልሲየም ባንድ ጉንጭ ውኃ። ካልሲየሙ ብረቱ እንዳይገባ በር ላይ ይቆማል። የገባው ብረት ደግሞ ሆዱን ያደርቀዋል፤ ስለዚህ ማግኒዥየም። ማግኒዥየሙ ሲያስሮጠው «ማዕድን ወጣብኝ» ብሎ ዚንክ ይጨምራል። ዚንክ በብዛት ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ መዳብ ያሳጣል፤ ይህን አንድ ቦታ አንብቦ መዳብ ጀመረ። መዳቡ ምን እንደሚያሳጣ ገና አላነበበም።

ቁርስ? ቁርስ የሚገባበት ቦታ የለም። አንድ ቀን ብርቱካን ልጬ ሰጠሁት። «ስኳር አለው» ብሎ መለሰልኝ። ያ ጠዋት ጠዋት የሚፈላው ክኒን ምን ምን እንደሚል ልንገራችሁ? ብርቱካን ብርቱካን።

አንዴ ደግሞ መንገድ ሲሄድ ሣጥኑን ረሳው። ከቀትር በፊት ደወለልኝ፤ ድምፁ የሚናዘዝ ሰው ድምፅ ነው። «ቢ12ቴ እየወረደ ነው፣ ይታወቀኛል» አለኝ። ጉበት ቢ12ን ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ አድርጎ ያስቀምጣል። የሱ ጉበት እስከ ምሳ መድረስ አቃተው።

«ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም፤ ቫይታሚን እኮ ነው» ይላሉ። ግሩም ነው። ፊንላንድ ውስጥ ከ29 ሺህ በላይ ወንድ አጫሾች የተሳተፉበት አንድ ጥናት ነበር፤ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ቤታ ካሮቲን ከሳንባ ካንሰር ያድናቸው እንደሆነ ለማየት። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲወጣ ካንሰሩ በዝቶ የተገኘው ቤታ ካሮቲን የዋጡት ላይ ነው። ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡር ካበዛችው ፅንሱ ላይ ጉዳት ያመጣል። ያው ቫይታሚን ግን ቫይታሚን ነው፤ አይጎዳም።

አሁን ቀልዱ ይቁም። አንዲት ዘመዴ ለወራት ደክሟት ነበር። «ብረት ነው» አሏት በየሳሎኑ የተቀመጡት ሐኪሞች። እውነታቸውን ነው፤ ብረት አንሷት ነበር። ብረቱ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ክኒኑን ዋጠች። ሰገራዋ ሲጠቁር «ክኒኑ እንዲህ ያደርጋል» አሏት። ያደርጋል። ከጨጓራ የሚፈስ ደምም ያደርጋል። እሷ የምትደማው ከጨጓራዋ ነበር። ስድስት ወር! ስድስት ወር ሙሉ ስትደማ ከበን ስንመክር ኖርን። «ምግብ ሳትበዪ ብትውጪው ይሻላል» ያልኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

የእውነት የሚያስፈልግበት ቦታ ሲመጣ ደግሞ ጸጥ ነው። ልትወልድ ያሰበች ሴት ከማርገዟ በፊት ጀምራ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን መውሰድ አለባት። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው ከፀነሰች በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ነው፤ ብዙዎቹ ማርገዛቸውን እንኳ ሳያውቁ። ይህን በጆሮዋ የሚያንሾካሹክላት አላየሁም። ለጸጉሯ ባዮቲን ያዘዙላት ግን አራት ናቸው።

የስብሰባው ዕለት ማታ በጊዜ ተኛሁ። ስምንት ሰዓት ሙሉ። በማግስቱ ባልደረባዬ ሊፍት ውስጥ አገኘኝና ፊቴን አተኩሮ አየው። «አላልኩህም? ዓይንህ ራሱ በራ!» አለኝ። ክኒኗ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበረች፤ መሐረቤ ላይ ተጣብቃ። አመሰገንኩት።

«እንግዲህ እንዳታቋርጥ» አለና ሌላ አንዲት መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።